አራቱ የምርመራ ጎማዎች

አዲስ ጎማ በሚሸጥበት ሱቅ በኩል አላልፍም፤ መንገድ እቀይራለሁ። መካነ ሰላም ላይ አሁን እንዲህ ያለው ሱቅ ሁለት ሦስት ሆኗል። አንዱማ ከቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በምሄድበት መንገድ ላይ ነው የተከፈተው፣ እኔን ለማስቸገር ካልሆነ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል። ባለቤቴ አብራኝ ስትሆን፣ በዚህ ጭቃ የምን መዞር ነው፣ ጉልበትህን እንደሆነ እያየነው ነው ትለኛለች። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው እላታለሁ። አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ለምን እንደምዞር አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም። ሽታው ነው። ያ የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ ሐምሌ ይሆንብኛል፣ ጭጋግ ይሆንብኛል፣ ሰይድ ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር እያስገባ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድልኝም።

ሳልቀጥል አንድ ነገር ልበል። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬአለሁ፤ የመኪኖቹን ቀለምም፣ የአንዳንዱን ሰው ሥራም። ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል። ያልቀየርኩት ራሴን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምኔን እቀይረዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ደጃፌ ላይ አንዲት ነጭ ሚኒባስ ቆመችና በመሪው በኩል ሴት ወረደች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፣ ቁልፉን ጣቷ ላይ ታዞራለች። ዘይነባ ናት፣ የሰይድ ልጅ። ሰይድ ማለት ጓደኛዬ ነበር፤ ጓደኛ የሚለው ቃል ካነሰው ወንድሜ በሉት። ልጅቷ ጅዳ በሰው ቤት ሃያ ዓመት ከምናምን ሠርታ ነው የመጣችው። ከዐረብ አገር የተመለሰው ሌላው ሰው ቤት ያሠራል፣ የልብስ ሱቅ ይከፍታል። እሷ ግን የሃያ ዓመት ላቧን ይዛ ደሴ ሄደችና ያቺን አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ መጣች፣ ራሷም ትነዳ ጀመር። ከተማው አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የአባቷ ልጅ ናት አልኩ በልቤ፣ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

«ማሻአላህ ጋሼ ተፈራ፣ አላረጁም» አለችኝ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ እያለች። ውሸቷን ነው፣ ግን ይጣፍጣል። እኔም እንደ ድሮዬ መኪናዋን ዞርኩና ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግኳቸው። ከአራቱ ሦስቱ መላጣ ናቸው፤ የአንዱማ ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረው። ይህን ይዘሽ ነው እንዴ የጉጉፍቱን ዳገት የምትወጪው ብዬ ልቆጣት ስል እሷ ቀደመችኝ። ከነገ ወዲያ ደሴ ለዓመታዊ ምርመራ ልትወስዳት ነው። ሹፌሮቹ አብሽሪ ብለዋታል፤ አንዱ ለሁለት ቀን አዲስ ጎማ ያውሳታል፣ ቦሎውን ተቀብላ ስትመጣ ትመልስለታለች። እሷ ወደ እኔ የመጣችው ሌላውን ብልሃት እንዳስተምራት ነው።

«የእርስዎና የአባዬ መኪና አንድም ዓመት ወድቃ አታውቅም ሲሉ እሰማለሁ» አለችኝ። «እንዴት እንደምታሳልፏት ይንገሩኝ። እኔም እንደ አባዬ ልሁን።»

እንደ አባዬ ልሁን ስትለኝ ከመኪናዋ ራቅ አልኩ። ነገ ጠዋት ነይ፣ ዛሬ ራሴን እያመመኝ ነው አልኳት። ራሴን አላመመኝም። እሷ ስትሄድ ደጃፌ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ባለቤቴ ለምሳ እስክትጠራኝ አልተነሳሁም።

ያኔ እኔና ሰይድ ሁለት ፒካፖች ነበሩን፤ የእሱ ሰማያዊ፣ የእኔ ክሬም። ሁለቱም እኛ እጅ ሳይገቡ ብዙ ጌታ የቀየሩ ናቸው። የእኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ሞተሯ ገና ነው ሲለኝ አምኜው፣ ካቤ ሳልደርስ ጭሷ ከኋላዬ የነበረውን መንገደኛ ሁሉ አሳለው። ቢሆንም ወጣት ነበርን፣ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ትንሽ ጌታ ነው። ከመካነ ሰላም ደሴ ሰው በጥቂት ብር ይሳፈር ነበር። ዶሮ የያዘች ሴት ለዶሮዋ አትከፍልም፤ በግ የያዘ ግን ይከራከራል። ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ፓስቲ በአሥር ሳንቲም እንገዛለን፣ ዘይቱ በጋዜጣው አልፎ ሸሚዛችንን ያበላሸዋል። ሰይድ ቴትሮን ሸሚዝ ነበር የሚወደው፣ እጀታው እስከ ክርኑ የተጠቀለለ። ሱሪው ከታች ሰፊ ስለነበር መንገዱን ይጠርጋል እያልኩ አበሽቀው ነበር። ቴፕ የነበረው የእሱ መኪና ላይ ነው፣ እሱም አንድ ካሴት ብቻ ነው የሚቀበል፤ ሌላ ስታስገቡበት ክሩን ይበላል። የዚያ ካሴት አንዱ ወገን የእሱ መንዙማ ነው፣ ሌላው ወገን የእኔ ዘፈን። አብረን ስንሄድ እስከ አቀስታ መንዙማው፣ ከአቀስታ ወዲያ ዘፈኑ። አንዳንድ ቀን መንዙማው እያለቀ ሲሄድ፣ ወላሂ ይቺን ትንሽ እንጨርሳት ተፈራ ይለኛል። እኔም እተውለታለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበራ። አሁን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሺህ ዘፈን አላቸው፤ ግማሹን እንኳ ሳይሰሙት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ክረምት ሲገባ መኪኖቻችንን ደሴ ወስደን ማስመርመር ነበረብን። ምርመራ ካላለፈች ቦሎ የለም። ቦሎ መስታወቷ ላይ ያልተለጠፈች መኪና ደግሞ ከጓሮ እንደቆመች ትቀራለች፣ ልጆች ይጫወቱባታል፣ ዶሮ ይፈለፍልባታል። ነጭ ጋውን የለበሰ መርማሪ ነበር፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ፈገግታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት። ፍሬን ያስይዛችኋል፣ መሪውን ግራ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፣ ፍሬቻ አብራ አጥፋ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ጎማውን በጣቱ ይዳስሳል። በዚያ ጣት ስንቱ ሹፌር አልቅሷል መሰላችሁ። ሌላውን ነገር እኔና ሰይድ በገዛ እጃችን እንጠግነዋለን፤ ፍሬን እናድሳለን፣ አምፖል እንቀይራለን። ጎማ ግን አይጠገንም። አዲስ አስረን በዚያ ሹል ጠጠር መንገድ እንንዳው ብንል አንድ ክረምት አይዘልቅም፣ ተመልሰን እዚያው ነን።

በእኛ አገር ለሠርግ መዋዋስ ነውር አይደለም። ሙሽራዋ የጎረቤቷን የአንገት ጌጥ ታደርጋለች፣ ሙሽራው የአጎቱን ካባ ይደርባል፣ ይህ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እኛም ነገሩን እንደዚያ አየነው። አራት አዲስ ጎማዎች በጋራ ገዛን፣ ለምርመራ ብቻ የሚወጡ። ሙሽሮቹ እንላቸው ነበር። ሰይድ አልጋ ሥር በጆንያ ተጠቅልለው ዓመት ይከርማሉ። ሚስቱ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላት፣ ባሌ ከእኔ ይልቅ ጎማዎቹን እያሸተተ ነው የሚተኛ እያለች ለጎረቤት ታሳጣው ነበር። ምርመራው ሲደርስ እናወጣቸዋለን፤ መጀመሪያ የእሱን መኪና ያሳልፋሉ፣ በሳምንቱ የእኔን። ከዚያ ይታጠቡና ወደ አልጋው ሥር፤ መኪኖቻችን ደግሞ አሮጌ ጎማቸውን መልሰው ያስራሉ። የመንግሥት አዲስ መኪና በመብራት ሰበብ ተመልሳ ስትመጣ የእኛ ሁለት አሮጊቶች በአንዴ ያልፋሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የእነ ሰይድ መኪና አትወድቅም ይባል ነበር። እኛም በዚህ እንኮራ ነበር፣ ምን ያደርጋል። ኋላ ሌሎቹም እየተዋሱን፣ ለራሳቸውም እየገዙ ልማድ ሆነ። ዛሬ ለዘይነባ አብሽሪ እናውስሻለን የሚሏት ሹፌሮች ከማን እንደተማሩት አያውቁም። ከእኛ ነው። ይህን ነገር መካነ ሰላም ላይ ያመጣነው እኛ ነን።

ያን ዓመት አረፋ በሐምሌ ዋለ። ሰይድ መኪናውን አሳልፎ መጥቶ ነበር፣ ወረቀቱንም ደረቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ለሁሉም ያሳያል። ሰኞ ዕለት እሱ ግቢ ውስጥ ሙሽሮቹን ከእሱ አውልቀን ለእኔ አሰርን። ካፊያ ነበር። የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቅን ሳለ ከአጅባር የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ገባና ሰላምታ ሳይጨርስ፣ ልጅህ አያቷ ዘንድ አረፋን አልውልም ብላ እያለቀሰች ነው፣ መጥተህ ውሰደኝ ብላሃለች አለው። ዘይነባ ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ክረምቱን አጅባር ልትከርም የእናቷ እናት ጋ ሄዳ ነበር። ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መኪናው አየ። አሮጌዎቹን ጎማዎች ገና መልሰን ማሰራችን ነው። ከእኔ የባሱ ነበሩ፤ እንደ መዳፍ የለሰለሱ።

«በዚህ ጭቃ በእነዚህ አልሄድም» አለኝ። «አንተ ረቡዕ ትመለሳለህ አይደል? ሙሽሮቹን አስሬ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«ረቡዕ ከሰዓት እዚህ ነኝ» አልኩት። እነዚህን ቃላት አልቀየርኳቸውም፣ እንደተናገርኳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ደሴ ገባሁ። ረቡዕ ጠዋት መኪናዬ በአንዴ አለፈች፤ ያ መርማሪ ጎማዬን ዳሰሰና አንገቱን ነቀነቀ፣ ለእሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። በዚያው ተነስቼ ብወጣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ። አልወጣሁም። ፒያሳ ላይ አንድ ቡናማ ኮት መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ አየሁ፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ። ልለካው ገባሁ፣ ትከሻው ጠበበኝ፣ ልብስ ሰፊው ነገ ከሰዓት አስፍቼ እሰጥሃለሁ አለኝ። ለዚያ ኮት ስል ቀረሁ። እንዲህ ነው የሚባለው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም፤ አልታመምኩም፣ መንገድ አልተዘጋም። ረቡዕ አንድ የአገሬን ልጅ አገኘሁና ጠጅ ጋበዘኝ፣ ሐሙስ ደግሞ እኔ ጋበዝኩት። ሰይድን አልረሳሁትም፣ እግዜር ያውቃል። አንድ ቀን ቢጠብቀኝ ምን ይሆናል ነው ያልኩት።

ሐሙስ እስከ ቀትር ጠብቆኛል። ፋጡማ ናት ኋላ የነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ወደ አውራ መንገዱ ወጥቶ ተመልክቶ ተመልሷል። ተፈራ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ገጥሞት ይሆናል እንጂ ብሏታል። ስለ እኔ እየተጨነቀ ነው እንግዲህ። ከዚያ አረፋ ደረሰ፣ ልጄ ደጅ ደጅ እያየች ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳ ብሎ ተነሳ።

ዓርብ ቀትር ላይ አዲሱን ኮቴን ለብሼ ከተማ ስገባ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ወደ አጅባር በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ የሰይድ መኪና መንገዱን ስታ ገደል ገብታለች። ብቻውን ነበር። ሬሳውን ለማምጣት መኪና ያስፈልግ ስለነበር የእኔ ሄደች። በእነዚያ አዲስ ጎማዎች ሄጄ አመጣሁት። ያን ቁልቁለት፣ ያን ጭቃ፣ ሳይንሸራተቱ ይዘውኝ ወረዱ፣ ይዘውኝ ወጡ። እንዲያው አንዴ እንኳ ቢንሸራተቱ ምን ነበረበት እያልኩ ነው የነዳሁት። ገደሉ ሥር ሰው ሁሉ ሰይድን ሲያነሳ እኔ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ወደ ላይ ተገልብጣ ነበር፤ አራቱም ጎማዎች ሰማይ ሰማይ ያያሉ፣ ጭቃ ገብቶ የሚይዝበት አንዲት መስመር የላቸውም። ከእኔ በቀር ልብ ብሎ ያያቸው የለም።

ትራፊኩ ከሰይድ ደረት ኪስ ያችን የምርመራ ወረቀት አገኘ። መሪ ደህና፣ ፍሬን ደህና፣ ጎማ ጥሩ ይላል፣ ማኅተም አለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና፣ ባለፈው ሳምንት የተመረመረ መኪና ነው፣ የሰውዬው ጥፋት አይደለም፣ የፈጣሪ ትእዛዝ ነው አለ። ሰዉ ሁሉ አዎ አለ። እኔም አዎ አልኩ። ለቅሶው ላይ አንድ ሁለት ሰዎች በዚያ አሮጌ ቆርቆሮ ክረምት ለክረምት እየሄደ ማለት ሲጀምሩ፣ ፋጡማ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ፣ ባሌ ሞኝ አልነበረም፣ ይኸው አንብቡ ስትላቸው አየሁ። ወሬው በዚያው ቆመ። መኪናዬን ሸጥኩ፣ ጎማዎቹን ሸጥኩ፣ ኮቱን ለማኝ ለበሰው። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዝኩም፤ እህል መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ፋጡማ እስከ ዕለተ ሞቷ በየዓመቱ ለአረፋ አንድ ብርሌ ማር ትልክልኝ ነበር፣ የሰይድ ወንድም እያለች። እኔም እቀበላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነባ መጣች። ግቢዬ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ገና ምንም ሳልላት ከቦርሳዋ በላስቲክ የተለበጠ ነገር አወጣች። ያ ወረቀት ነው። ቀለሙ ቢደበዝዝም ማኅተሙ ይታያል። ጅዳ ሃያ ዓመት ትራሷ ሥር አድርጋው እንደኖረች፣ አሠሪዎቿ ምንድን ነው ሲሏት አባቴ ነው እንደምትላቸው እየሳቀች ነገረችኝ። አሁን ሚኒባሷ ውስጥ ልትሰቅለው ነው። አባዬ ጠንቃቃ ሰው ነበር አለች። እኔ ያን ጊዜ ዝም ብል፣ ብልሃቱን አስተምሬያት ብልካት፣ በተውሶ ጎማ አልፋ ትመጣለች፣ መላጣዎቹን አስራ ጉጉፍቱን ትወጣለች። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አባቷን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

ነገርኳት። ሙሽሮቹን ነገርኳት፣ አልጋ ሥሩን፣ ሰኞ ከሰዓቱን፣ ረቡዕ እዚህ ነኝ ማለቴን፣ ኮቱን። ኮቱን ስነግራት አፈርኩ፤ ከሁሉም ይልቅ በኮቱ ነው ያፈርኩት። ያ ወረቀት የሚለው ስለ ሌላ ጎማ ነው አልኳት፣ አባትሽ የሄደበት ጎማ መላጣ ነበር፣ ጥሩዎቹ እኔ ጋ ነበሩ። የነጋዴውን መልእክት ግን አልነገርኳትም። የልጅ ነገር ነው፣ እሷም ረስታው ይሆናል፣ ምን ያደርግላታል ብዬ ዘለልኩት። ስጨርስ ሠላሳ ዓመት ከምናምን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ የለቀቀኝ መሰለኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ ጎማ ጥሩ የሚለውን መስመር ትነካካለች።

«ጋሼ» አለች ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «እኔ ነበርኩ ያስጠራሁት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ለእናቷ እንኳ ያልተናገረችውን። በነጋዴው ልካ ደጅ ደጅ ስታይ ሰነበተች። መርዶው ሲመጣ ነጋዴውን ፈልጋ መልእክቴን ነገርከው ወይ ብትለው፣ ሰውዬው ፊቱን አዙሮ አባትሽን አላገኘሁትም አላት። እውነቱን ይሁን አዝኖላት አላወቀችም። ያን ሁሉ ዘመን ያቆያት ያ ወረቀት ነው። መኪናዋ ደህና ከነበረች፣ መልእክቱ ቢደርሰውም ባይደርሰውም የአላህ ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም እላለሁ አለችኝ። ከማበድ የዳነችው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ውሸት ነው ብዬ ነገርኳት። ከእኔ ላይ አወረድኩት ያልኩትን እሷ ላይ ጭኜው ተቀምጫለሁ።

«ያን ሰኞ አብረውት ነበሩ» አለችኝ። «ደርሶታል መልእክቴ?»

እኔ ሞኙ ሽማግሌ እውነት የምናገርበት ቀን ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት።

«አልደረሰውም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ወጣ? ሥራ አልነበረውም፣ አረፋ ነው።»

«እኔ ነኝ የላክሁት። አጅባር አንድ ሰው ዘንድ ያስቀመጥኩት የመኪና ዕቃ ነበረኝ። ሐሙስ ሄደህ አምጣልኝ አልኩት። ይሉኝታ ይዞት ነው የሄደው።»

«በዚያ ጎማ?»

«በዚያ ጎማ።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። የሰይድ ዓይን ነው ያላት፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ያነሰ። «ይማሉልኛል?» አለችኝ።

ሰው በልጅነቱ አንገቱ ላይ ያሰሩለትን ክር ለምን እንደሚይዝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማተቤን ከሸሚዜ ውስጥ አወጣሁና በእጄ ይዤ፣ በእመቤቴ በማርያም ስም ማልኩላት። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በሐሰት ስምል የመጀመሪያዬ ነው።

አለቀሰች፣ ግን እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ከጥልቅ ነው የመጣው፣ ትከሻዋ ይነቃነቃል፣ እንደታመመ ሰው ትንፋሿን ትስባለች። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ አልፈቀደችም። ስትነሳ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ወረቀቱን አግዳሚው ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጠችው። «ለአላህ ሰጥቼዎታለሁ፣ ጋሼ ተፈራ» አለችኝ። እርስዎ ማለቷን አልተወችም። ይህን የምለው ያሳደጋት ሰው እንዴት ያለ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

የተውሶውን ጎማ አልተቀበለችም። አራት አዲስ ገዝታ አሰረች፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሚኒባሷ ስታልፍ እኔ ዓይኔን መጀመሪያ የምጥለው እዚያ ላይ ነው። ደሴ ስትሄድ በመጀመሪያው አላለፈችም አሉ፣ የእጅ ፍሬኗ አልያዘም። አሠርታ በሳምንቱ ተመልሳ አለፈች። ሹፌሮቹ ሲስቁባት ሥራዋን ቀጠለች። ደህና ሆናለች፣ ትስቃለች፣ ወፈር ብላለች ይሉኛል። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ገጠምን፤ አፌን ስከፍት ቅርጫቷን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ አለፈች። ያ ነጋዴ ከሞተ ቆይቷል፤ ፋጡማም ለልጇ ሳትነግር ይዛው ሄዳለች። መልእክቱ እንደደረሰው የሚያውቅ በዚህ ምድር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ ዕድሜያችን ሄዷል፣ አብረን እንቁረብ ካለችኝ ሁለት ዓመት ሆናት። ነጠላዋን አዘጋጅታለች፣ ለእኔም ጋቢ አሠርታለች። ንስሐ አባታችን ደግ ሰው ናቸው። በፍልሰታ ጾም አጠገባቸው አስቀምጠው የቀረ ነገር አለ ወይ አሉኝ። ስለ ኮቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ጎማዎቹ ነገርኳቸው፣ አለቀስኩም። በሐሰት የማልከው አለ ወይ ሲሉኝ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቀዋለሁ፤ ሄደህ እውነቱን ንገራት፣ ያለዚያ ንስሐህ ንስሐ አይደለም ነው የሚሉኝ። ልክም ናቸው። ባለቤቴ በየወሩ ቀኑን ትቆርጥልኛለች፣ እኔም ሲደርስ አመመኝ እላለሁ። አንዳንዴ ታለቅስብኛለች፣ ምን ያህል ኃጢአት ቢኖርብህ ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? ከዚያች ልጅ ራስ ላይ ያነሳሁትን መልሼ ከምጭንባት ሳልቆርብ ብሞት ይሻለኛል።